የአል-ማንሺያው ትራክ

አድምጡኝማ! ነገሩ ካርቱም ነው፤ አል-ማንሺያ ከሚባለው ሰፈር። ከእኛ ደጋ አፈር ጠርጎ የወረደው ዓባይ፣ እነሱ ባሕር አል-አዝረቅ የሚሉት፣ ሰፈሩን ታክኮ ያልፍና እልፍ ብሎ ከነጩ ዓባይ ጋር ይገናኛል። በሰፈሩ ስም የሚጠራው ድልድይ ወደ ምሥራቅ ዓባይ ያሻግራል። ከጎኑ ጅሬፍ አለ፤ በወንዙ ዳር ጡብ ይተኮስበት የነበረ ሰፈር ነው። በ2015 ዓ.ም. ከተነሣው ጦርነት በፊት ጅሬፍ ሐበሻ የሞላበት ነበር፤ እንጀራ ይጋገር፣ ቡና ይወቀጥ፣ ማታ ማታ ያገር ቤት ዘፈን ይሰማ ነበር። ማንሺያ ደግሞ የደህና ኑሮ ሰፈር ነበር፤ ግቢው ሰፊ፣ አጥሩ ረጅም። ጅሬፍ የሚያድር ሐበሻ ጠዋት ማንሺያ ገብቶ ይሠራ፣ ማታ ይመለስ ነበር።

ሰዎቹ የትረካዬ ሰዎች ናቸው፤ ስምም አላወጣሁላቸው። ሰፈሩ፣ ዕቃውና ሙያው ግን እንዳለ ነው።

መካኒኩ የጎንደር ልጅ ነው። በመተማና በገላባት፣ ከዚያም በገዳሪፍ አድርጎ ካርቱም ገባ፤ ጅሬፍ ውስጥ ባጃጅና ሞተር ሳይክል እየጠገነ ይኖራል። ሱዳኖቹ «ያ ኡስታ» ይሉታል፤ ባለሙያውን ማለታቸው ነው። ታላቅ እህቱ ማንሺያ ከአንድ ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን ደወለችለት።

«ወንድምዓለም፣ የቤቱ ልጅ መኪናው ተበላሽቶበት ምግብ አልበላም አለኝ። መጥተህ እይልኝ እስቲ።»

«የምን መኪና ነው እታለም?»

«የመጫወቻ። መንገዷ ላይ ሆና በኤሌክትሪክ የምትሮጥ።»

እህት ስትጠራ አይቀርም። ካቻቪቴውን ኪሱ ከቶ ሄደ።

እዚህ ላይ ትረካውን ገታ ላድርገውና ዕቃውን ላስተዋውቃችሁ። ስሎት ካር ይባላል። ከፕላስቲክ የተሠራ መንገድ አለ፤ በየረድፉ መሐል ለመሐል ጠባብ ቦይ ተቦርቡሯል፤ ከቦዩ ግራና ቀኝ ቀጫጭን የብረት ሐዲዶች ተዘርግተዋል፤ ኤሌክትሪክ የሚመጣው በእነሱ ነው። መኪናዋ ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛዋ 32 ጊዜ ያነሰች ናት። ከአፍንጫዋ ሥር ወደ ቦዩ የምትገባ ምላስ አለቻት። ከምላሷ ግራና ቀኝ ደግሞ እንደ ሽሩባ የተጎነጎኑ የመዳብ ክሮች ሐዲዱን እየዳሰሱ ኤሌክትሪኩን ለሞተሩ ያቀብላሉ። ተጫዋቹ መሪ የለውም። በእጁ ያለው ቃታ ብቻ ነው፤ ሲጫነው ትሮጣለች፣ ሲለቀው ትገታለች። ኩርባ ላይ አብዝቶ ከተጫነ ምላሷ ከቦዩ ወጥታ መኪናዋ ትበራለች፤ አንድ ሰው ሄዶ እስኪመልሳት ድረስ ዙሩ ያመልጠዋል።

ይህን ነገር ወደየቤቱ ያስገባው ፍሬድ ፍራንሲስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ሚኒሞዴልስ በተባለው ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1952 ስኬሌክስ የሚባሉ በሞላ የሚጠመዘዙ የቆርቆሮ መኪኖች ለገበያ አወጣ። ተሸጡለት፤ ነገር ግን ተጠምዝዞ የተለቀቀ መኪና ሄዶ ግድግዳ ከመምታት በቀር የሚታዘዘው የለምና ልጆቹ ሰለቹት። ፍራንሲስ ሞተር ጨመረበት፤ ለመንገዱም ቦይና ሐዲድ አበጀለት። በ1957 ሃሮጌት ከተማ በተደረገው የመጫወቻ ዕቃዎች ትርኢት ላይ ስኬሌክስትሪክ ብሎ አቀረበው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ማዜራቲ 250 ኤፍ እና ፌራሪ 375 ነበሩ። በዓመቱ ድርጅቱን ሸጠው፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ። ጀርመኖቹ ደግሞ በ1963 ፉርት ከተማ ላይ ካሬራ የሚባለውን አወጡ። ሁለቱም ስሎት ካር ናቸው፤ ሁለቱም ቦይ፣ ሐዲድና ቃታ አላቸው። ግን አንዱ ለሌላው አልተሠራም። ይህችን ያዙልኝ፤ የማንሺያው ልጅ እንባ የመጣው ከእሷ ነው።

መካኒኩ ቤቱ ሲደርስ ልጁ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ መኪናዋን ጭኑ ላይ አስተኝቷል። ዕድሜው አሥራ ሁለት ቢሆን ነው። ሳሎኑ ወለል ላይ የእሱ ትራክ፣ የእንግሊዙ ስኬሌክስትሪክ፣ ተዘርግቷል።

«ያ ኡስታ፣ ሞታለች» አለው።

መካኒኩ መኪናዋን ተቀብሎ አገላበጣትና በልጁ ትራክ ላይ አስቀመጣት። ቃታውን ሳብ ሲያደርግ ሽው! ብላ ዞረች። ደገማት። አንድም ኩርባ አልሳተችም።

«ይቺ መኪና ምንም አልሆነችም። የት ነው የሞተችው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያው ከማንሺያ፣ ጥቂት መንገዶች አለፍ ብሎ፣ የልጁ ጓደኛ ቤት አለ። የጓደኛው አጎት ከጀርመን አገር ሲመለስ ትልቅ የካሬራ ትራክ ይዞለት መጣ። የሰፈሩ ልጆች በመጪው ዓርብ እዚያ ሊወዳደሩ ተስማሙ። የእኛ ልጅ በቤቱ የሚያህለው የለምና መኪናዋን ይዞ ሊሞክራት ሄደ። ኩርባው ሁሉ ወረወራት። ቀጥ ባለው ላይ እንኳ መንገድ እኩል ስትደርስ ትንተፋተፍና ቀጥ ትላለች። ልጆቹ ሳቁበት። ይዟት ወደ ቤቱ ሮጠ፤ ቤቱ ደርሶም እንደገና ለመሞከር ልብ አላገኘም።

ሌላ ጠጋኝ ቢሆን ሞተሩን ይፈታ ነበር። የጎንደሩ ልጅ ግን ይህን በሽታ ያውቀዋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ካርቱም 380 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተር ሳይክሉ ካርቡራተር የሚያሳልፈው ቤንዚን በዚያው ልክ እንዲቀንስ ይደረጋል። ያንኑ ሞተር ሳትነካው ካርቱም ብታወርደው፣ የቆላው ሙቀት አየሩን ቢያሳሳውም ከጎንደር አየር ይከብዳል። እናም ቤንዚኑ ያንስበታል። ሞተሩ ይግላል፣ ጋዝ ሲለቀቅ በጭስ ማውጫው ይተኩሳል፣ ካንዴላው ሲፈታ ነጥቶ ይገኛል። ባለቤቱ «ጎንደር ላይ ሰላም ነበር» እያለ ይምላል፤ እውነቱን ነው። መካኒኩ ካርቱም እንደገባ የተማረው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፦ አንዳንዱ ሞተር የሚጮኸው ተበላሽቶ አይደለም፤ አገር ለውጦ ነው።

ስለዚህ ልጁን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው። «ትራኩን የማየው መቼ ነው?»

ሄዱ። እዚህ ላይ ነው መካኒኩን የወደድኩት። የጓደኛው ቤት ገብቶ ትራኩ ፊት ሲቆም መኪናዋን ከሣጥኗ አላወጣትም። ተንበረከከ። መጀመሪያ መዳፉን መንገዱ ላይ አሳለፈ፤ ከዚያ መዳፉን ገልብጦ አየው። ስስ አቧራ ይዟል። ማስመሪያ አውጥቶ የመንገዱን ስፋት ለካ፤ የልጁ ቤት ትራክ 156 ሚሊ ሜትር ሲሆን ይህ 198 ሆነ። የክብሪት እንጨት ቦዩ ውስጥ አቁሞ በእርሳስ ምልክት አደረገበት፤ የልጁ ቤት ትራክ ላይ ቀደም ብሎ ምልክት ካደረገበት እንጨት ጋር አስተያየው። የዚህኛው ቦይ ጠለቅም ሰፋም ያለ ነው። ቀጥሎ ትራኩን በእግሩ ዞረ፤ ረጅሙ ቀጥታ የቱ ነው፣ ጠባቡ ኩርባ የቱ ነው፣ ኤሌክትሪኩ የሚገባው በየት ነው፣ የላሉ መገጣጠሚያዎች የትኞቹ ናቸው። ኤሌክትሪኩን የሚሰጠውን ሣጥንም ገልብጦ አነበበ፤ 14.8 ቮልት ይላል። የልጁ ቤት የቆየ ሣጥን 12 ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መኪናዋን አወጣት። አሁንም ቃታውን አልነካም። ቦዩ ውስጥ ከተታትና ጉንጩን ከወለሉ አስጠግቶ በጣቱ ቀስ እያለ ገፋት። ያየውን ለልጁም አሳየው፦ ምላሷ ለጠለቀው ቦይ አጭር ናት፤ ለሰፊውም ቀጭን ናት፤ ትወዛወዛለች። ኩርባ ላይ ኋላዋ ትንሽ ሲወጣ ምላሷ ተስባ ከቦዩ ትዘላለች። የመዳብ ሽሩባዎቹም ለእንግሊዙ ሐዲድ የታጠፉ ስለሆኑ እዚህ አንዳንዱን ቦታ ይነካሉ፣ አንዳንዱን አይነኩም። መንገድ እኩል ላይ የምትሞተው ለዚህ ነው። ደግሞ ሌላ አለ። ከሆዷ ሥር ማግኔት ተለጥፏል፤ በልጁ ቤት ሐዲዱን አጥብቆ እየሳበ መሬት ላይ የሚያጣብቃት እሱ ነው። ልጁ የሚኮራበት የኩርባ ጀግንነት አብዛኛው የማግኔቱ ነበር። እዚህ ሐዲዱም አቀማመጡም ሌላ ነው፤ መካኒኩ መኪናዋን በጣቱ አንሥቶ መለስ ሲያደርግ የሚሰማው ስበት የላላ ነው።

መንገድን አስቀድሞ ማየት ሲነሣ፣ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በማራቶን ያደረገውን ታስታውሳላችሁ። ከውድድሩ በፊት ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን አየው። የቀረበለትን አዲስ ጫማ ሞከረው፤ እግሩን አቆሰለው፤ በባዶ እግሩ ሮጠ። ያኔ ሮም ውስጥ፣ ወደ መጨረሻው ተቃርቦ ቆሞ የነበረውን የአክሱምን ሐውልት ምልክት አድርጎ ያዘ፤ እዚያ ሲደርስም ጥሎ ሄደ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ብዙ ጊዜ የምንተርከው ባዶ እግሩን ነው። እኔ ግን መንገዱን አስቀድሞ ማየቱን አስበልጣለሁ፤ ጥሎ የሚሄድበትን ቦታ ያገኘው ከዚያ ነውና።

ወደ ማንሺያ እንመለስ። የልጆቹ ሕግ ሞተርና የላይ አካል አይለወጥ የሚል ነው፤ ሌላው ሁሉ ይፈቀዳል። የጓደኛው ቤተሰብም እስከ ዓርብ ድረስ ከሰዓት በኋላ መጥተው እንዲሞክሩ ፈቀደላቸው። የሱዳን እንግዳ ተቀባይነት ይህን ያህል ነው፤ ሊወዳደራቸው ለመጣ ሰው ሻይ ያቀርባሉ።

መካኒኩ ለልጁ ደብተር አስገዛው። «አንድ ነገር ስንለውጥ ሌላውን አንነካም» አለው። «አሥር ዙር ትሮጣለህ፤ እህቴ በስልኳ ሰዓት ትይዛለች። ፈጣኑን ዙር አትጻፍልኝ። የአሥሩን ድምርና ስንት ጊዜ እንደወጣች ጻፍልኝ።» ይህን ሕግ ብዙ አዋቂ እንኳ አይጠብቀውም። ሰው ምላሷንም፣ ጎማውንም፣ ክብደቱንም ባንድ ላይ ይለውጥና መኪናዋ ስትሻሻል የቱ እንዳሻሻላት ሳያውቅ ይቀራል። ስትበላሽማ ከነጭራሹ ይጠፋበታል። ስለ ፈጣኑ ዙርም መካኒኩ ልክ ነው፦ አንድ ዙር ላይ በአጋጣሚ የተገኘ ፍጥነት ሩጫ አያሸንፍም፤ አንዴ ከቦዩ መውጣት ደግሞ የሰበሰብከውን ሁሉ ይበላል።

መጀመሪያ ምላሷን። ካለቀ የስልክ ካርድ ላይ ስስ ቁራጭ በመቀስ ቆርጦ በሱፐር ግሉ ምላሷ ጎን ላይ ለጠፈው፤ ወደ ታችም ትንሽ አስረዘመው። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት እያሸ፣ ቦዩ ውስጥ እየከተተ፣ እያወጣ፣ እንደገና እያሸ ቆየ። ሳትወዛወዝ፣ የቦዩን መሬት ሳትነካ፣ ከግድግዳውም ሳትፋተግ በነፃነት እንድትዞር ነው የፈለገው። ይህን ሲያደርግ እያየሁት ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ሥራው ሁሉ በጥፍር ልክ ነው። ሽሩባዎቹን ጫፋቸውን በመርፌ ነጣጥሎ ወደ ታች ጎንበስ አደረጋቸው። እንዳያበዛው ደግሞ ተጠነቀቀ፤ ሽሩባው አብዝቶ ከታጠፈ ራሱ አፍንጫዋን ከፍ አድርጎ ምላሷን ከቦዩ ያወጣታል። ያን ቀን መንገድ እኩል ላይ መሞቷ ቀረ። ልጁ ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ማግኔቱ አከራከረ። መካኒኩ ይውጣ አለ፤ ልጁ አይሆንም አለ። «እንግዲያው ደብተሩ ይፍረድ።» በማግኔት አሥር ዙር፣ ያለ ማግኔት አሥር ዙር ሮጡ። ያለ ማግኔት እያንዳንዱ ዙር ዘገየ፤ ልጁ ደስ አለው። የወጣችባቸው ጊዜያት ሲቆጠሩ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ማግኔት ያላት መኪና ኩርባ ላይ ጸጥ ብላ ትቆይና ስበቱ ያለፈ ለታ ባንዴ ትበራለች፤ ለእጅ ምልክት አትሰጥም። ማግኔት የሌላት ኋላዋን ቀስ ብላ ታወጣለች፤ ልጁ ያያታል፣ ቃታውን ለቀቅ ያደርጋል፣ ትመለሳለች። ማግኔቱ ባልተመቸው ሐዲድ ላይ ማግኔትን ማመን አይገባም። ወጣ። በምትኩ መካኒኩ ከጋራዥ ካመጣው የቸርኬ ማመዛዘኛ እርሳስ ቆርጦ ከምላሷ ኋላ ሻንሲው ላይ ለጠፈ፤ አፍንጫዋ ቦዩ ውስጥ እንድትቆይ። የላዩን አካል የያዙትን ብሎኖችም ግማሽ ዙር ያህል አላላቸው። ይህ ለማያውቅ ሰው ስንፍና ይመስላል። የላላው አካል ኩርባ ላይ ለብቻው ትንሽ ያዘነብላል እንጂ ጎማዎቹን ይዞ አይነሣም፤ ማግኔት በሌላት መኪና ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ከዚያ ጎማ መጣ፤ እኔን ብትጠይቁኝ የሥራው ግማሽ ጎማ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣ የመጫወቻ ጎማ ክብ ይመስላል እንጂ ክብ አይደለም፤ መሐሉ ላይ የቅርጹ ስፌት አለ፣ ቸርኬው ላይም ልል ነው። የኋላ ጎማዎቹን ቸርኬያቸው ላይ በሙጫ አጣበቃቸው። የብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ በፕላስተር ለጠፈና፣ መኪናዋን በዝቅተኛ ኤሌክትሪክ እያስኬደ ጎማዎቹን ወረቀቱ ላይ በስሱ አስነካቸው። ጥቁር ብናኝ ወጣ። ሲጨርስ የጎማው ፊት ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ድብዝዝ ያለ ጥቁር ሆነ፤ መንገዱን በሙሉ ፊቱ መርገጡ የሚታወቀው በዚህ ነው። የፊት ጎማዎቹ ግን ተቃራኒውን ይፈልጋሉ፤ የሚመራት ምላሷ ስለሆነች የፊት ጎማ መንገዱን ከያዘ ከምላሷ ጋር ይጣላል። መንሸራተት አለበት። እንዴት?

«እታለም፣ የጥፍር ቀለም ይኖርሻል? ቀለም የሌለው።»

ሰጠችው። የፊት ጎማዎቹን ስስ አድርጎ ቀባቸው። ደርቀው ሲያብረቀርቁ እህቱ ሳቀች፤ ልጁ ግን አልሳቀም፣ ደብተሩን ይዞ ይጠብቃል። በዚያ ሰዓት ልጁ ተለውጦ ነበር። ያለቀሰው ልጅ ቀርቶ «አሁን የቱን ነው የምንለውጠው?» የሚል ሌላ ሰው መጥቷል።

ባለጥርስ ማርሾቹን አልነኩም። ሞተሩ ላይ ያለችው ትንሿ 9 ጥርስ፣ አክስሉ ላይ ያለችው ትልቋ 27፤ ሞተሩ ሦስቴ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። የካሬራው ቮልት ከፍ ስላለ ቀጥታው ላይ በቂ ፍጥነት አለ፤ ችግሩ መገታቱ ነበር። መካኒኩ ልጁ ቃታውን የሚለቅበትን ቦታ በትራኩ ዳር በፕላስተር ምልክት አስደረገው፤ ምልክቱንም በየቀኑ አስጠጉት። ከኤሌክትሪክ መግቢያው በራቀው ወገን፣ መገጣጠሚያዎቹ በላሉበት፣ ኃይሉ ደከም ስለሚል እዚያ ያለው ምልክት ከሌላው የተለየ ሆነ። ይህን ሁሉ በሁለቱም ረድፍ ለየብቻ አደረጉት፤ የውስጡ ረድፍ ኩርባው ጠባብ ነው፣ የውጪው ረጅም ነው፣ ሁለቱ ሁለት ትራክ ናቸው።

አንድ ነገር ልጁን ግራ አጋባው። መካኒኩ ከሙከራው ግማሹን ትራኩ ሳይወለወል ነበር የሚያስሮጠው።

«ያ ኡስታ፣ ለምን አንጠርገውም?»

«አገርህን አታውቃትም?» አለው።

ካርቱም ውስጥ በክረምቱ መግቢያ ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ነፋስ ይነሣል። ከአድማስ ላይ ቡናማ ግድግዳ ሆኖ ይመጣና ቀኑን ያጨልመዋል፤ መስኮት ብትዘጋ በር ሥር ይገባል፣ በር ሥር ጨርቅ ብትወትፍ በማቀዝቀዣው ይገባል። ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣ የማስተካከያ ምክር ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ትራክ ይዞ የሚጀምር ነው። እዚህ ግን አቧራው የትራኩ አካል ነው። ስስ አቧራ ጎማና ፕላስቲክ መሐል ሲገባ መያዣ ይጠፋል፤ ሽሩባውና ሐዲዱ መሐል ሲገባ ኤሌክትሪኩ ይቆራረጣል። ስለዚህ መካኒኩ ለልጁ ሁለት ልማድ አስለመደው፦ ከእያንዳንዱ ሩጫ በፊት የኋላ ጎማዎቹን የፕላስተር ማጣበቂያ ፊት ላይ አንከባሎ አቧራውን ማስለቀቅ፣ ሽሩባዎቹንም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። በአቧራማው ትራክ ላይ ቃታው የሚለቀቅበት ቦታም ደብተሩ ውስጥ ለብቻው ገጽ ተሰጠው።

ሐሙስ ማታ ሃቡቡ መጣ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ልጆቹ ተሰበሰቡ። ትራኩ ተጠርጓል፤ ነገር ግን የሃቡብ አቧራ አንድ ጊዜ ተጠርጎ የሚያልቅ አይደለም፣ አየር ላይ የተንሳፈፈው ቀኑን ሙሉ ሲሰፍር ይውላል። የመጀመሪያዎቹ ልጆች መኪኖች፣ ባለማግኔቶቹ፣ በየኩርባው ተራ በተራ በረሩ። አንዱ ልጅ መኪናው ለምን እንደምትቆም ሳይገባው ሐዲዱን በጣቱ ይፈገፍጋል። የእኛ ልጅ ተራው ሲደርስ ጎማውን ፕላስተሩ ላይ አንከባለለ፣ ሽሩባውን ጠረገ፣ ደብተሩን ከፍቶ የአቧራውን ገጽ አየ። ክፉው ረድፍ፣ የውስጡ፣ አስቀድሞ ደረሰው። አልቸኮለም። መኪናዋ ኋላዋን እያወጣች፣ እየመለሰች፣ ዙሩን ትቆጥራለች። አንድ ጊዜ ብቻ ወጣች፤ እሷም ጎኗ የነበረችው መኪና በርራ ስትመታት ነው።

ሁለተኛ ወጣ። ያሸነፈው የትራኩ ባለቤት ነው፤ ልዩነታቸው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ተራኪ ልጁን አንደኛ ያደርገው ይሆናል። እኔ አላደርገውም፤ እውነት አይሆንማ። የትራኩ ባለቤት በየማታው የሚሮጥበትን መንገድ እጁ ያውቀዋል፤ የላላውን መገጣጠሚያ ሳያይ ያልፈዋል። ያን እውቀት በጥቂት ከሰዓቶች ሙከራ አትደርስበትም። ከባለቤቱ በቀር የቀሩትን ሁሉ መቅደም ግን ይቻላል፤ ልጁ ያደረገው ይህንን ነው። በሩጫው ላይ ያስሮጣት መኪና ወደ ቤቱ ትራክ ብትመለስ ከበፊቱ ትዘገይ ነበር። ለቤቱ ትራክ አልተስተካከለችማ! በእኔ ፍርድ የዚያ ቀን የሥራ አንደኛ እሷ ናት።

ሩጫው ሲያልቅ የትራኩ ባለቤት መጥቶ መኪናዋን ገልብጦ አየ። የስልክ ካርዱን አየ፤ እርሳሱን አየ፤ የሚያብረቀርቁትን የፊት ጎማዎች በጣቱ ነካ። «ማን ነው የሠራልህ?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ መካኒኩን ሊያሳየው ዞረ፤ መካኒኩ ግን በጣቱ ወደ ደብተሩ አመለከተ። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ሰፈሩን ዞረ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ማንሺያም ጅሬፍም ከጦርነቱ አላመለጡም፤ ነዋሪዎቹ በየአቅጣጫው ተሰደዱ፣ ብዙ ሐበሾችም በመጡበት በመተማ መንገድ ተመለሱ። የሱዳን ሕዝብ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ቀን ያቅርብለት።

የተረፈኝ አንድ ልመና ነው፤ ከውጭ አገር ለወንድም፣ ለእህትና ለዘመድ ልጆች ይህን መጫወቻ ለምታመጡ። በልጁ ቤት ትራክ ካለ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሚዘረጋው አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ሌላ ከተማ ቢሆንም አቧራ መኖሩን አትርሱ። ከገንዘባችሁ ላይ ሌላ መኪና ከመጨመር ይልቅ ትርፍ የኋላ ጎማ፣ ትርፍ ምላስና ትርፍ የመዳብ ሽሩባ ግዙ፤ ቶሎ የሚያልቁት እነሱ ናቸው፣ አገር ቤት ገበያ ላይም በቀላሉ አይገኙም። ትንሽ ካቻቪቴና አንድ ደብተርም አብራችሁ ሣጥኑ ውስጥ ክተቱለት።